አንድ ሰው ጎደለን

ፐብጂን ከጓደኞች ጋር ሲጀምሩ፦ ስለ መዝለል፣ ስለ መሞት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ማውራት

«አንድ ሰው ጎደለን፤ ግባ።»

ፐብጂ ከሚጫወቱት ብዙዎቹ የገቡት በዚህች መልእክት ነው። ማስታወቂያ አይቶ ወይም የተኩስ ፍቅር ይዞት የጀመረ ሰው ብዙም አይገኝም። ሦስት ጓደኛሞች ቡድን ሠርተው አራተኛ ያጣሉ። ጨዋታው በጎደለው ቦታ የማያውቁትን ሰው ከየትም አምጥቶ ይሰካላቸዋል። ያ ሰው ወይ በማይገባቸው ቋንቋ ይጮኻል፣ ወይ ዝም ብሎ ብቻውን ይሮጣል። ስለዚህ ከቴሌግራም ግሩፓቸው አንድ ሰው ይመርጣሉ። ተመራጩ «እኔ እኮ አልችልም» ይላል። «ችግር የለም፣ እናሳይሃለን» ይሉታል። ብዙውን ጊዜ አያሳዩትም።

ጨዋታውን ከውጭ ሆኖ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ከሚጫወተው ይበልጣል። ታክሲ ውስጥ ስልኩን አጋድሞ በሁለት እጁ የጨበጠ፣ ረዳቱ «ሂሳብ» ሲለው የማይሰማ ወጣት ያላየ የለም። ካምፓስ ዶርም ውስጥ በእኩለ ሌሊት «ከኋላህ! ከኋላህ!» ብሎ ክፍሉን የሚቀሰቅስም ሞልቷል። ልጃቸው «ሞትኩ!» ሲል መጀመሪያ የደነገጡ እናት አሁን ለምደውታል፤ «እሰይ፣ በል እራትህን ብላ» ይሉታል።

መቶ ሰው፣ አንድ ደሴት

የጨዋታውን ሐሳብ ለማስረዳት ብዙ አያደክምም። እስከ መቶ ሰው የጫነ አውሮፕላን በአንድ ደሴት ላይ ያልፋል። ተጫዋቾቹ በመረጡት ቦታ ላይ በጃንጥላ ይዘላሉ። ሲወርዱ ባዶ እጃቸውን ናቸው። ጠመንጃውን፣ ጥይቱን፣ የራስ ቁሩን፣ ጥይት መከላከያ ሰደርያውን፣ ፋሻውን ሁሉ ከየቤቱ ይለቅማሉ፤ ይህ ለቀማ «ሉት» ይባላል። ካርታው ላይ ደግሞ አንድ ክብ አለ፤ ተጫዋቾች «ዞን» ይሉታል። ክቡ በየጥቂት ደቂቃው ይጠባል። ከክቡ ውጭ የቀረ ሰው ጤናው እየተሸረሸረ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ላይ ጉዳቱ የሚቻል ነው፣ መጨረሻ አካባቢ ግን በሰከንዶች ውስጥ ይገድላል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንድ ጥግ ተደብቆ መቅረት የለም፤ መሬቱ ራሱ ሰዎቹን እየገፋ ያገናኛቸዋል። በሕይወት የቀረው የመጨረሻ ቡድን ያሸንፋል፣ ስክሪኑ ላይም የዶሮ እራት ይታወጅለታል። «ቺክን ወሰድን» የሚባለው ያኔ ነው።

ይህን ዓይነት ጨዋታ ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ብሬንዳን ግሪን የተባለ አየርላንዳዊ ነው። ብራዚል ውስጥ በፎቶግራፍ አንሺነትና በዲዛይን ሥራ ይኖር የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣው «ባትል ሮያል» ከተሰኘው የጃፓን ፊልም ሐሳቡን ወስዶ፣ «አርማ 2» በተባለ የጦርነት ጨዋታ ላይ የራሱን ማሻሻያ ሠራ። ሥራው ደቡብ ኮሪያ ድረስ ተሰማና ብሉሆል የተባለ ኩባንያ ጠራው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ለኮምፒውተር ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ ይጫወቱት ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ደግሞ ቻይናዊው ቴንሰንት የሠራው የስልክ ቅጂ ለዓለም ተለቀቀ። ለእኛ አገር ዋናው ነገር ይሄኛው ነው። ጨዋታውን የሚሸከም ኮምፒውተር ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ስልክ ግን ብዙ ሰው እጅ ላይ አለ።

የመጀመሪያው ካርታ ኤራንጌል ይባላል፤ ግሪን ስሙን ያወጣው ከሴት ልጁ ስም ተነስቶ ነው። ስምንት ኪሎ ሜትር በስምንት ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ የሶቪየት ጦር ጥሎት የሄደ ምናባዊ ደሴት ነው። ፖቺንኪ፣ ሮዞክ፣ ጆርጎፖል የሚሉት የመንደሮቹ ስሞች የመጡትም ከዚህ ታሪክ ነው። ሩሲያን በካርታ ላይ እንኳ በቅጡ የማያሳይ የጀሞ ልጅ ፖቺንኪ ውስጥ የትኛው ቤት ሁለት በር እንዳለው በቃሉ ይነግራችኋል።

የመጀመሪያዎቹ ድሎች ይዋሻሉ

የተጋበዘው ጓደኛ አብዛኛውን ጊዜ ከቡድኑ በፊት ብቻውን ይሞክረዋል። ጨዋታውን ያወርዳል፤ ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ፓኬጅ ለሚቆጥር ሰው ይህ ራሱ ውሳኔ ነው። ከዚያ ይገባል፣ ይዘላል፣ ጠመንጃ ያነሳል፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው ይገድላል። ሌላ ይገድላል። ሦስተኛ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጨዋታው ቺክን ይወስዳል። ወዲያው ፎቶ አንስቶ ግሩፑ ላይ ይለጥፋል፤ «ይሄ ነው እንዴ ስታካብዱት የነበረው?»

ጓደኞቹ ይስቃሉ። የገደላቸው ሰዎች አይደሉማ። ጨዋታው ጀማሪውን ተስፋ እንዳያስቆርጥ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች «ቦት» በሚባሉ ኮምፒውተር በሚያንቀሳቅሳቸው ተጫዋቾች ይሞላቸዋል። ቦት ቀስ ብሎ ይተኩሳል፣ ይስታል፣ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይሮጣል፣ ሲተኮስበት ቆሞ ያስባል። ጀማሪው ይህን አያውቅም። ልምድ ያለው ተጫዋች ግን ከሩቅ አይቶ «ቦት ነው፣ ተወው» ይላል።

ከዚያ ቅዳሜ ማታ ይደርሳል።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ በአንድ ብሎክ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መካከል፣ የደረጃው ማረፊያ ላይ ሦስት ወጣቶች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የአንደኛው ቤት ዋይፋይ እስከዚያ ድረስ ይደርሳል፤ ቤት ውስጥ እንዳይሆኑ ደግሞ ቤተሰብ ዜና እያየ ነው። ሁለቱ የቆዩ ተጫዋቾች ናቸው፣ ሦስተኛው ተጋባዡ ነው። አራተኛው ዱባይ ነው፤ ከሥራ ገብቶ እራቱን እያኘከ በጆሮ ማዳመጫ ያወራቸዋል። አንዱ ቻርጀሩን ከታች ቤት በማራዘሚያ ስቦ አምጥቷል። ወደ ላይ የሚወጣ ጎረቤት ሲመጣ እግራቸውን ይሰበስባሉ፣ ዓይናቸውን ግን ከስክሪኑ አይነቅሉም።

«ፖቺንኪ እንውረድ» ይላል የዱባዩ። ፖቺንኪ በካርታው መሃል ያለች፣ ሉት የሞላባት፣ ስለዚህም ገዳይ የሚጎርፍባት መንደር ነች። ተጋባዡ «ተከተል» የምትለውን ቁልፍ ይጫናል፤ ጃንጥላው ከጓደኞቹ ኋላ ራሱ ይወስደዋል። ጣሪያ ላይ ያርፋል። አንድ ሽጉጥ ያገኛል፣ ጥይት ግን አላነሳም። በሩን ለመክፈት ሲሞክር በስህተት ይጎነብሳል። ከማዶ መስኮት ተኩስ ይመጣል።

«ኖክ ሆንኩ!»
«የት ሆነህ?»
«እዚህ!»
«እዚህ የት?»
«እዚህ ቤት ውስጥ ነዋ!»

ፖቺንኪ ውስጥ ያለው ቤት ብዙ ነው። «ኖክ» ማለት በቡድን ጨዋታ ወዲያው አለመሞት ነው፤ ተጫዋቹ መሬት ላይ እየዳኸ፣ ጤናው እየወረደ፣ ጓደኛው ደርሶ እስኪያነሳው ይጠብቃል። ማንሳቱ የሚወስደው ጥቂት ሰከንዶች ነው፤ ግን ቦታውን ማወቅ ይጠይቃል። ማንም አልደረሰም። የቀረውን ሃያ ምናምን ደቂቃ ተጋባዡ የጓደኞቹን ጀርባ እያየ አሳለፈው።

ይህ የእሱ ችግር ብቻ አይደለም። ተጋጣሚ የሚመርጠው ማዛመጃ የቡድኑን ደረጃ ያያል፤ ከፍ ካሉ ጓደኞች ጋር የገባ ጀማሪ የሚገጥመው የእነሱን ተጋጣሚዎች ነው። ብቻውን ሳለ ያያቸው የዋህ ቦቶች በአብዛኛው የሉም። ትናንት አሸናፊ የነበረው ሰው ዛሬ ሁለት ደቂቃ አልቆየም፤ የሆነውን የሚያስረዳው ሰው ከሌለ ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል።

«እዚያ ጋ ነው!» የት ጋ?

የቆዩ ተጫዋቾችን ጀማሪ ምን ይማር ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኞቹ ስለ ጠመንጃ ይነግሯችኋል። ኤም 416 ብዙ አይዘልም፣ ኤኬኤም ይመታል ግን አፉን ይቀስራል፣ ካር 98 ለሩቅ ነው። ቅንብሩን አስተካክል፣ ጋይሮስኮፕ አብራ፣ በአራት ጣት ልመድ። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ግን ወራት ይፈልጋል። የጀማሪ አውራ ጣት በአንድ ሳምንት አይታዘዝም።

ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ ለቡድኑ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፤ ያየውን በትክክል መናገር። ገጠር ያደገ ሰው ማማ ላይ ወጥቶ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ያውቃል። ልጁ ዝንጀሮውን በወንጭፍ ላይመታው ይችላል፤ ዋጋው ግን ቀድሞ አይቶ በየት በኩል እንደመጣ መጮኹ ላይ ነው።

ስክሪኑ አናት ላይ የኮምፓስ መስመር አለ። ሰሜን ዜሮ፣ ምሥራቅ 90፣ ደቡብ 180፣ ምዕራብ 270 ነው። ተጫዋቹ ሲዞር ቁጥሩ አብሮ ይዞራል። «እዚያ ጋ ሰው አለ!» የሚለው ለማንም አይረዳም፤ «300 ላይ፣ ቀይ ጣሪያው ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንድ ሰው» የሚለው ግን ሦስት ጠመንጃ በአንድ ጊዜ ያዞራል። ጓደኛሞቹ ተራርቀው ከቆሙ የአንዱ 300 ለሌላው 300 አይሆንም፤ ያኔ ካርታው ላይ ምልክት ማድረግ ወይም ዛፍና ድንጋዩን መጥራት ይሻላል። ጀሞ ደረጃው ላይ የተቀመጠው ተጋባዥ በሁለተኛው ጨዋታ ላይ ይህን ሲያገኘው ወዲያው ታየ። «ቤቱ ጋ» ማለት ትቶ «ጋራዡ ያለው ቤት፣ ከኋላ በር» አለ። የዱባዩ ሄዶ አነሳው።

> «ጥሩ የሚተኩስ ሰው ሞልቷል። ዝም የማይል፣ ግን ዝም ማለት ያለበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው ነው ያጣነው።» (ለዓመታት የቡድን መሪ የሆነ ተጫዋች)

የዚህ ተጫዋች ሁለተኛ ዐረፍተ ነገር ቀላል አይደለም። ፐብጂ ውስጥ ጆሮ የዓይን ያህል ይሠራል፤ የእግር ኮቴ ይሰማል፣ የስልክ ቅጂው ደግሞ በትንሿ ካርታ ላይ የኮቴና የተኩስ ምልክት ያሳያል። ጠላት ፎቁ ላይ ኮቴው እየተሰማ ሳለ አንዱ ስለ ቅዳሜው የአርሰናል ጨዋታ ቢያወራ አራቱም ይሞታሉ። ጦርነት ሲጀመር ወሬ በአጭሩ ነው፤ አቅጣጫ፣ ብዛት፣ ርቀት። የሞተ ሰው ደግሞ የመጨረሻ አንድ ግዴታ አለበት። የገደለው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደተኮሰ ተናግሮ ማይኩን መዝጋት። ይህን ብዙ የቆዩ ተጫዋቾችም አይችሉም፤ ሞተው ሲያበቁ አሰልጣኝ ይሆናሉ።

ከመናገር ቀጥሎ ለጀማሪ የሚሆን ሥራ ሸክም ነው። የሚያነሳውን ማወቅ አለበት። ኤም 416 የሚበላው 5.56 ጥይት ነው፣ ኤኬኤም 7.62። ቦርሳውን በማይሆነው ጥይት ሞልቶ ዞኑ ሲጠብ ፋሻ ያጣ ጀማሪ በየጨዋታው አለ። ፋሻ በአንዴ አስር በመቶ ብቻ ይመልሳል፤ ፈርስት ኤይድ የሚባለው ሳጥን እስከ 75 በመቶ ያደርሳል። ለጀማሪ ከስምንት እጥፍ መነጽር ይልቅ ሁለት እንዲህ ያለ ሳጥን ይጠቅመዋል፤ ለጓደኛውም ጭምር። መተኮስ ባይችል እንኳ ጥይት የሚያካፍል፣ የወደቀ የሚያነሳ፣ ዞኑን አይቶ «እንሂድ» የሚል አራተኛ ሰው ቡድኑን እስከ መጨረሻዎቹ አስር ያደርሳል። አንድ ግድያ ሳይኖረው ቺክን የሚወስድም አለ። ጓደኞቹ ይሳለቁበታል፣ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜም ይጠሩታል።

ከአዲስ አበባ እስከ ሰርቨሩ

«ግድግዳ ኋላ ገብቼ ነበር እኮ! እንዴት ይገድለኛል?»

ይህን ያላለ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች የለም፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነቱን ነው። እሱ ስክሪን ላይ ግድግዳው ኋላ ገብቷል። ተኳሹ ስክሪን ላይ ግን ገና በሩ ላይ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው «ፒንግ» የሚባለው፣ መልእክቱ ከስልኩ ተነስቶ ሰርቨሩ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ በሚሊ ሰከንድ ይታያል፤ ዝቅ ሲል አረንጓዴ፣ ከፍ ሲል ቀይ ነው።

ሰርቨሩ አዲስ አበባ ውስጥ የለም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ኢንተርኔቷ የሚወጣው በጎረቤት አገሮች፣ በተለይ በጅቡቲ በኩል ነው፤ ከዚያ በባሕር ስር በተዘረጋ ኬብል ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ፈጣን ነው፣ ግን አውሮፓ ደርሶ ለመመለስ የሺዎች ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። በዚህ ላይ የሰፈሩ የኔትወርክ መጨናነቅ፣ ዋይፋዩን የሚጋራው ቤተሰብ፣ ፊልም የሚያወርደው ታናሽ ወንድም ይጨመራል። ጨዋታው ራሱ ብዙ ዳታ አይበላም፤ ቪዲዮ ከማየት በእጅጉ ያነሰ ነው። የሚፈልገው ብዛት ሳይሆን አለመቆራረጥ ነው። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለት ሲም ይዘው የትኛው ሰፈራቸው ላይ እንደሚሻል በፒንግ የሚለኩ ተጫዋቾች አሉ፤ የትኛውም ማስታወቂያ ከዚህ የበለጠ ፈተና አያልፍም።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ፒንግ የሚባል ነገርም አልነበረም። ፐብጂ ያለ መስመር የሚጫወቱት ነገር የለውም።

ውጭ ያሉ ጓደኞች ሲጨመሩ ነገሩ ይወሳሰባል። አዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ዱባይ 5 ሰዓት ነው፤ ዋሽንግተን ደግሞ በበጋቸው ገና ከቀኑ 9 ሰዓት። ሰዓቱን ማስማማት አንድ ነገር ነው፣ ሰርቨሩን ማስማማት ሌላ። ቡድኑ የሚጫወተው በአንድ ሰርቨር ነውና የሰሜን አሜሪካው ከተመረጠ የአሜሪካው ልጅ ይመቸዋል፣ የጀሞዎቹ ሽባ ይሆናሉ። የመካከለኛው ምሥራቅ ሲሆን የዱባዩ ይነግሣል። ብዙ የተበታተኑ ጓደኛሞች አውሮፓ ላይ ይስማማሉ፤ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ መጥፎ ስለሆነ።

ያም ሆኖ ይሰበሰባሉ። ከፖቺንኪ እስከ ጦር ሰፈሩ (ሚሊተሪ ቤዝ) ባለው ረጅም ጉዞ፣ ማንም በማይተኩስበት ሰዓት፣ ወሬው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ቪዛ እድሳት፣ ስለ ማን ማግባት ነው።

> «ብደውልለት ‹ሰላም ነህ፣ ሰላም ነኝ› ብለን በሁለት ደቂቃ እንጨርሳለን። እዚህ ግን ሁለት ሰዓት ስናወራ አይታወቀንም።» (ዱባይ የሚሠራ ተጫዋች)

ነጥብ፣ ዩሲ እና ጓደኝነት

ፐብጂ ደረጃ አለው። ከብሮንዝ ይጀምራል፤ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲኒየም፣ ዳይመንድ፣ ክራውን እያለ ወደ ኤስ ይወጣል። አናቱ ላይ ኮንከረር አለ፤ እሱ በየሰርቨሩ ለ500 ሰው ብቻ ነው። ቶሎ የሞተ ቡድን ነጥብ ይቀነስበታል። ወቅቱ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም ወደ ታች ይመለስና መውጣት እንደገና ይጀመራል።

የጓደኝነት ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ለኤስ ሠላሳ ነጥብ የቀረው ሰው ጀማሪ ይዞ መግባት ያስፈራዋል። ስለዚህ ጀማሪውን «ተከተለኝ፣ ምንም አትንካ» ይለዋል። ጀማሪው ይከተላል፣ ቤት ውስጥ ይደበቃል፣ ሌሎች ይዋጉለታል፣ ነጥብ ያገኛል፣ ከወር በኋላ ዳይመንድ ይሆናል። ምንም አያውቅም። በእኔ ግምት ጀማሪን ከሚያበላሹ ነገሮች ሁሉ የከፋው ይሄ ነው፤ ከመሰደብም ይብሳል። የተሸከሙት ሰው አንድ ማታ ብቻውን ሲገባ ደረጃው ከችሎታው በላይ ስለሆነ በየጨዋታው ይታረዳል፣ ከዚያ ጨዋታውን ያጠፋዋል። ጓደኞቹም «ሰነፍ ነው» ብለው ሌላ አራተኛ ይፈልጋሉ።

ስድቡም ቢሆን ቀላል አይደለም። ሰፈር ውስጥ በሳቅ የሚያልፍ ቃል በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ሲገባ ሌላ ነው፤ ፊቱ አይታይም፣ ሳቁ አይታይም፣ ቃሉ ብቻ ይቀራል። አንድ ጨዋታ ላይ ተጣልተው ወር ሙሉ ያልተነጋገሩ የልጅነት ጓደኞች አሉ። ምክንያቱ ሲጠየቅ አንደኛው «መኪናውን ጥሎኝ ነዳው» ብሎ በቁም ነገር ያስረዳል።

ስለ ገንዘቡ አጭር ነገር። ጨዋታው በነጻ ይወርዳል፤ ኩባንያው የሚያገኘው «ዩሲ» ከሚባለው የውስጥ ገንዘብ ነው። በዩሲ የሚገዛው ልብስና የጠመንጃ ቀለም ነው፤ ያጌጠው ኤም 416 ካላጌጠው በላይ አይመታም። የሚያምሩት ደግሞ በአብዛኛው በዕድል ከሚከፈት ሳጥን ነው የሚወጡት፤ ሎተሪ በሉት። የውጭ ክፍያ ካርድ ለሌለው ሰው በቴሌግራም ዩሲ የሚሸጡ ደላሎች አሉ። ዩሲ ለማስገባት የተጫዋቹ መለያ ቁጥር ይበቃል፤ ፓስዎርድ የሚጠይቅ ሻጭ ሌባ ነው። በግድግዳ አሳልፎ የሚያሳይ ወይም ራሱ የሚያነጣጥር «ሃክ» የሚሸጥላችሁም እንዲሁ። የተያዘ አካውንት ለ10 ዓመት ይታገዳል።

ማቆሚያ ቁልፍ የለውም

ወላጆች ስለዚህ ጨዋታ የሚያነሱት ቅሬታ ሁለት ነው፤ ተኩሱና ሰዓቱ። ስለ ተኩሱ የተለያዩ አገሮች የተለያየ ነገር አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢራቅ፣ ዮርዳኖስና ኔፓል አግደውት ነበር፤ የኔፓሉ እገዳ በፍርድ ቤት ወዲያው ተነሳ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ያገደችው ግን ከተኩሱ ጋር በተያያዘ አይደለም፤ ከቻይና ጋር በነበራት ውዝግብ የመረጃ ደህንነትን ምክንያት አድርጋ ከሌሎች ከመቶ በላይ መተግበሪያዎች ጋር ነው የዘጋችው። በዓመቱ በሌላ ስም ተመለሰ። ለትንንሽ ልጆች የተሠራ ጨዋታ እንዳልሆነ ግን ግልጽ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ እጅ ላይ ካያችሁት መቀማት አግባብ ነው።

ስለ ሰዓቱ ብዙ ወላጅ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ይህ ጨዋታ አይቆምም። ኤራንጌል ላይ አንድ ጨዋታ እስከ መጨረሻው ከሄደ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በመሃል የሚያቆሙበት ቁልፍ የለም፣ የወጣ ሰው ሦስት ጓደኞቹን ጥሎ ነው የሚወጣው። «አሁኑኑ ና!» ሲባል «ቆይ፣ ሊያልቅ ነው» የሚለው ልጅ ሁልጊዜ እየዋሸ አይደለም። እራት ሲቀርብ ከመጥራት ይልቅ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት «ከዚህኛው በኋላ ይበቃል» ማለት ይሠራል። የሚቀጥለው «የመጨረሻ» ጨዋታ ሲመጣ ግን ማመን የለባችሁም፤ የተሸነፈ ቡድን ተሸንፎ መተኛት አይችልም፣ ያሸነፈም እንደዚያው። አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ፐብጂ የሚጫወቱ ተማሪዎቻቸውን ሰኞ ጠዋት ከዓይናቸው ይለያሉ፤ በስም ጥሪ እንኳ ሳያረጋግጡ።

ከወላጆች ወደ ተጫዋቾቹ ስንመለስ፣ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከጓደኛ ጋር መግባት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለሴቶቹ ነው። ከማያውቁት ሰው ጋር ሲሰለፉ ብዙዎቹ ማይካቸውን አይከፍቱም።

> «ድምጼን ከከፈትኩ ጨዋታው ቆሞ ቃለ መጠይቅ ይጀመራል። የት ሰፈር ነሽ፣ ስንት ዓመትሽ ነው፣ ቴሌግራምሽን ስጪኝ።» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ማይኩን የዘጋ ተጫዋች አቅጣጫ አይነግርም፣ የወደቀበትን አይናገርም። ስለዚህ ጥሩ ብትተኩስ እንኳ ቡድኑ ግማሽ ጥቅሟን ያጣል። እህቱን፣ የክፍሉን ልጅ ወይም የሥራ ባልደረባውን ወደ ራሱ ቡድን የጠራ ሰው አንድ ቦታ ብቻ አልሞላም፤ መናገር የምትችል ተጫዋች አግኝቷል።

እና ለእናንተ፣ ነገ ማታ «አንድ ሰው ጎደለን» ብላችሁ ለምትጽፉት። መጀመሪያ ጀማሪውን ማሰልጠኛ ሜዳው ላይ አስገቡት፤ ጠመንጃ ይለዋውጥ፣ በር መክፈትና መጎንበስ ይለይ። ከዚያ ነጥብ በማይቆጠርበት ሁነታ፣ እንደ ሊቪክ ያለች ሁለት ኪሎ ሜትር በሁለት ኪሎ ሜትር የሆነች ትንሽ ካርታ ላይ ግቡ፤ ጨዋታው ሩብ ሰዓት ነው፣ ቢሞት ቶሎ ይደገማል። ፖቺንኪን ተዉት። የሚወርዱበትን ቦታ እሱ ይምረጥ፣ የሚያየውን እሱ ይናገር፣ ሲሳሳት የት እንደተሳሳተ ንገሩት፣ ስትነግሩት አትጩኹ። ኤስ ለመድረስ ሠላሳ ነጥብ የቀራችሁ ከሆነ ደግሞ ያን ማታ አትጥሩት፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥሩት።